ከአሠሪው የሚሰነብት ዕዳ፦ የከተማ መስተዳድርና የጡረተኞች ክርክር ከታሪክ አንጻር

«ጡረታ» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ጉልበቱ የደከመውን ሰው ማብላት፣ ማልበስና መደገፍ ማለት ነው። በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ይህ አጭር ምርቃት አንድ ሙሉ የኑሮ ሥርዐት ይገልጻል። ወላጅ በጉልበቱ ዘመን ልጁን ያሳድጋል፤ ልጅም በተራው ወላጁን ይጦራል፣ በመጨረሻም አፈር ያለብሰዋል። ስለዚህ ከጧሪ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ሀብት አይደለም፤ ከተጧሪው በኋላ በሕይወት መቆየት ነው። ልጁን ቀድሞ የቀበረ ወላጅ ሀብት ቢኖረው እንኳ ጧሪ አጣ ይባላል።

በዘመናዊው አስተዳደር የልጅን ቦታ የያዘው መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛው ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲቀይስ፣ ውሃ ሲያሠራጭ፣ መዝገብ ሲያገላብጥ ይኖራል፤ በየወሩም ከደመወዙ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ይቀነስበታል። ይህን የሚቀበለው በእርጅናው ዘመን ይጦረኛል በሚል እምነት ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቀድሞ ቢፈርስ፣ ወይም ዕዳውን ለመክፈል ቢሳነው፣ የጡረተኛው መብት ከማን ላይ ይጠየቃል?

ይህ ጥያቄ በሁለት እጅግ በማይመሳሰሉ ከተሞች፣ በኢትዮጵያዊቱ ሐዋሳና በአሜሪካዊቱ ዲትሮይት ታሪክ ውስጥ መልስ አግኝቷል። በሐዋሳ አሠሪዎቹ አስተዳደሮች በየዘመኑ ሲፈርሱና ሲለወጡ የጡረታው ዕዳ ባለቤት አላጣም። በዲትሮይት ግን ከተማዋ በቦታዋ ቆማ ሳለች የጡረተኞቿ ገንዘብ ተቀነሰ። የልዩነቱን ምክንያት መመርመር ለሕግ ዐዋቂ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በመንግሥትና በከተማ መሥሪያ ቤቶች ለሚያገለግል መሐንዲስ ሁሉ የራሱ የወደፊት ኑሮ ጉዳይ ነው።

መሬት ጡረታ በነበረበት ዘመን

በሐዋሳ ከተማ የሚገኘው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ የሚያከብርበት አደባባይ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ሥርዐት የአረጋውያን ቦታ ከፍ ያለ ነው። የበዓሉን ቀን የከዋክብትን አካሄድ የሚያውቁት አያንቶዎች ይወስናሉ፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ በሶንጎ ተቀምጠው ክርክር የሚያዩትና ሐላሌ የሚባለውን እውነት የሚያጣሩትም እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ጡረታ የሚባለው የመንግሥት ሥርዐት ወደዚህ አካባቢ ሲደርስ፣ አረጋዊን ማክበርን ለሕዝቡ ሊያስተምር የመጣ አልነበረም። አዲሱ ነገር አክብሮቱን በገንዘብ መትሮ፣ በሕግ ጽፎ፣ ከዝምድና ውጭ ባለ ተቋም ትከሻ ላይ መጣሉ ነው።

ከተማዋ ራሷ በዕድሜ ወጣት ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከቀደምት ሰፋሪዎቿ መካከል ከውትድርና ተሰናብተው መሬት የተሰጣቸው ሰዎች ይገኙበታል። ይህ አሠራር የቆየ ልማድ ርዝራዥ ነበር። ደመወዝ በገንዘብ መክፈል ባልተለመደበት ዘመን፣ መንግሥት ለወታደሩና ለሹሙ ማደሪያ የሚባል መሬት ይሰጥ ነበር። ባለ ማደሪያው በአገልግሎቱ ዘመን ከመሬቱ ይበላል፤ ሲያረጅም በመንግሥት መልካም ፈቃድ እንደ ጡረታ ሊቆይለት ይችላል።

የማደሪያ መሬት ግን ከርስት የተለየ ነበር። ርስት የዘር መብት ሲሆን ማደሪያ የሰጪው ፈቃድ ነው። የሰጠው ክፍል ሊነሣው ይችላል፤ ሰጪው ሲሻር ወይም ሲሞት ተቀባዩም ይናወጣል። ያን ጊዜ ጡረታ እንደ ችሮታ ይቈጠር ስለ ነበር፣ አገልጋዩ ቢቀርበት ደጅ ይጠና እንደ ሆነ እንጂ የሚከራከርበት ሕግ አልነበረውም።

የ1953ቱ ድንጋጌና ከእርሱ የመነጨው

ይህን ሁኔታ የለወጠው በ1953 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46 ነው። ድንጋጌው በኋላ አዋጅ ቁጥር 199/1955 ሆኖ ጸና። በዚያ ዘመን የማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት መቋቋሙም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጡረታ ለመክፈል በቅድሚያ ማን መቼ እንደ ተቀጠረ፣ በምን ያህል ደመወዝ ለስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋልና።

የድንጋጌው ዋና ሐሳብ በሁለት ቍጥሮች ሊገለጽ ይችላል። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ እያዋጡ ገንዘቡ በአንድ ማዕከላዊ ቋት እንዲጠራቀም ተደረገ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ጡረታ ችሮታ መሆኑ ቀረ። ሠራተኛው ራሱ ያዋጣው፣ አሠሪውም ስለ አገልግሎቱ የጨመረለት ገንዘብ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ድካም የተገኘ ለነገ የቆየ ደመወዝ ሊባል ይችላል። አበሉ የተከለከለበት ሰውም በአቤቱታ ፈንታ መብቱን መጠየቅ ቻለ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዐቱ ደረጃ በደረጃ ሰፍቷል። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎችና ልዩ ልዩ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ፣ ቋሚ ሠራተኞቻቸው በጡረታው እንዲታቀፉ ተደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን አቅሙ በፈቀደ መጠን የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 345 ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በአንድነት ታወጁ፤ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 715 ደግሞ እስከዚያ ድረስ በአገር አቀፍ ደረጃ ጡረታ ላልነበራቸው የግል ድርጅት ሠራተኞች። መዋጮውም በየዓመቱ እያደገ ሄዶ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚከፍሉበት ደረጃ ላይ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጆች ቁጥር 1267 እና 1268 ተከተሉ።

አከፋፈሉን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል፤ ከጣሪያው ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልገዋል።

የክርክሩ መንገድም በሕጉ ተመልክቷል። በአበሉ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለ መብት ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል፤ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል የሚል ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ተከራካሪው ቋቱን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እንጂ ሠራተኛው ያገለገለበት ከተማ ወይም ክልል አይደለም። የሐዋሳን ታሪክ ከዲትሮይት የሚለየው መሠረታዊ ነጥብ ይህ ነው።

አሠሪዎች ያለፉባት ከተማ

ነገሩ እንዲገለጥ በ1978 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ በሐዋሳ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ አንድ ቀያሽ እንውሰድ። ሲቀጠር ከተማዋ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር መቀመጫ ነበረች። በ1980 ዓ.ም. አገሪቱ በአስተዳደር አካባቢዎችና በራስ ገዝ አካባቢዎች ስትከፋፈል ክፍለ ሀገር የሚባለው ቀረ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በ1984 ዓ.ም. አገሪቱ በአዲስ መልክ በክልሎች ተከፈለች፤ ከእነዚህም በደቡብ የነበሩት አምስቱ ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ። በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በሰኔ ወር በዚያው ዓመት የሲዳማ ክልል ተመሠረተ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከነባሩ የደቡብ ክልል የቀረው ክፍል በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተተካ።

ቀያሹ በ60 ዓመቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ የቀጠረው ክፍለ ሀገር የለም፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝ የከፈለው ክልልም በነበረበት ስም የለም። ማኅተሞቹ ተለውጠዋል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለውጧል፣ ሰንደቁ ተለውጧል። ከላይ በተገለጸው ስሌት የ38 ዓመቱ አገልግሎት ግን 65 በመቶ ያስገኝለታል። ዕዳው በአሠሪው ስም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቀያሹ የሦስትና የአራት የፈረሱ አስተዳደሮችን ወራሽ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ በተንከራተተ ነበር። ዕዳው በማዕከላዊው ቋት ስም ስለ ተጻፈ ከአሠሪዎቹ ሰነበተ።

የ1953ቱን ድንጋጌ ያረቀቁ ሰዎች ይህን ሁሉ ለውጥ አስቀድመው አይተው ነበር ማለት አይቻልም። የነበረው መንግሥት ሥልጣንን ሁሉ ወደ ማዕከል የሚሰበስብ በመሆኑ ጡረታውንም በማዕከል አደረገው። ሆኖም ለአስተዳደር አመቺነት የተመረጠው ቅርጽ፣ ከአስተዳደሩ መፍረስ በኋላ ለሠራተኛው ከለላ ሆኖ ተገኘ።

ዲትሮይት፦ በቦታዋ የቆመች ተበዳሪ

በአሜሪካ የከተማ ጡረታ ከፌዴራሉ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በፊት የተጀመረ ነው። የኒውዮርክ ከተማ ለፖሊሶቿ የዚህ ዓይነት ክፍያ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1857 ሲሆን፣ የጀርመን መንግሥት ዝነኛውን የእርጅና መድን ሕግ ያወጣው ከ32 ዓመት በኋላ በ1889 ነው። ከዚህ የተነሣ በርካታ የአሜሪካ ከተሞች የየራሳቸው የጡረታ ቋት አላቸው። ከተማዋ ራሷ ቀጣሪ፣ ራሷ አዋጪ፣ በመጨረሻም ራሷ ባለ ዕዳ ትሆናለች።

ዲትሮይት ሁለት ቋቶች ነበሯት፤ አንደኛው የጠቅላላ ሠራተኞች፣ ሁለተኛው የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች። የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ መዲና የሆነችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ሕዝብ ነበራት። ፋብሪካዎች ሲዘጉና ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄዱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲፈልስ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቈጠረው ሕዝብ 713,777 ብቻ ሆነ። የተሠራው መንገድ፣ የተዘረጋው የውሃ ቧንቧና የተተከለው መብራት ግን ለቀድሞው ሕዝብ የተሰላ ነበር። ለዚያ ሕዝብ ያገለገሉት ሠራተኞችም በጡረታ ላይ ነበሩ። በስተመጨረሻ ጡረተኞቹ በሥራ ላይ ካሉት ሠራተኞች በእጥፍ ገደማ በለጡ። ግብር ከፋዩ ሲቀንስ ዕዳው አልቀነሰም።

ከተማዋ ችግሩን በዘዴ ለማለፍ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ ወደ ጡረታ ቋቶቹ አስገባች፤ ከብድሩም ጋር የወለድ ልውውጥ ውሎች ፈረመች። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲደርስ የቋቶቹ ሀብት ወደቀ፤ ውሎቹም ተጨማሪ ሸክም ሆኑባት። የሚገባትን መዋጮም ማዘግየት ጀመረች። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. የሚቺጋን አገረ ገዥ ሪክ ስናይደር፣ ኬቪን ኦር የተባሉትን የሕግ ባለሙያ የከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙ። ሐምሌ 18 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በፌዴራሉ የኪሣራ ሕግ ምዕራፍ 9 መሠረት አቤቱታ አቀረበች። ዕዳው ከ18 እስከ 20 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በአሜሪካ ታሪክ የዚህን ያህል ትልቅ የከተማ ኪሣራ አልታየም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኪሣራን የነጋዴና የንግድ ማኅበር ጉዳይ አድርጎ ነበር የደነገገው፤ ከተማ ከሰረ የሚባልበት ሥርዐት አልነበረውም። በአሜሪካ ግን ከተማ ከአበዳሪዎቿ ጋር በዳኛ ፊት ዕዳዋን የምታስተካክልበት ልዩ የሕግ ክፍል አለ። ጡረተኛውም በዚህ ሕግ ዐይን ከቦንድ ገዢውና ከባንኩ ጎን የሚሰለፍ አበዳሪ ነው።

«ውል» የሚለው ቃል ክብደት

የጡረተኞቹ ጠበቆች የተማመኑት እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የሚቺጋን ሕገ መንግሥት ላይ ነበር። የዚህ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ክፍል 24፣ በክልሉም ሆነ በከተማ የተጠራቀመ የጡረታ ጥቅም የውል ግዴታ መሆኑንና ሊቀነስ ወይም ሊጎዳ እንደማይችል ይደነግጋል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል ማግኘት የሚያስቸግር ይመስላል። በእርግጥም አቤቱታው በቀረበ ማግስት የክልሉ ዳኛ ሮዝሜሪ አኩሊና፣ አቤቱታው የሚቺጋንን ሕገ መንግሥት ይጥሳልና ይመለስ ብለው አዘዙ። ከቀናት በኋላ ግን የፌዴራሉ የኪሣራ ዳኛ ስቲቨን ሮድስ በክልሉ ፍርድ ቤቶች የተጀመሩትን ክሶች አግደው ክርክሩን ወደ ራሳቸው ችሎት ወሰዱ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ዳኛው ውሳኔያቸውን ሰጡ። አካሄዳቸው ባጭሩ እንዲህ ነበር። የሚቺጋን ሕገ መንግሥት ጡረታን «የውል ግዴታ» ብሎታል። ኪሣራ ማለት ደግሞ በባሕርዩ ውሎችን የማሻሻል ሥልጣን ነው፤ ይህንንም ሥልጣን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ ምክር ቤት ሰጥቷል። ስለዚህ ጡረታ ውል ከሆነ እንደ ሌሎቹ ውሎች ሁሉ በኪሣራ ሊነካ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ከውል የጠነከረ ጥበቃ፣ ለምሳሌ በከተማዋ ሀብት ላይ የመያዣ መብት፣ ሊሰጡት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ጡረተኛውን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያኮራው «ውል» የሚለው ቃል በክርክሩ ቀን ያጋለጠው ቃል ሆነ።

ሕጉ ቢጠነክርም እንኳ ብቻውን አለመብቃቱን ከዚያ ቀደም ብሎ አላባማ ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከተማ ፕሪቻርድ አሳይታ ነበር። የከተማዋ የጡረታ ቋት እ.ኤ.አ. በ2009 ባዶ ሆነ። ሕጉ ክፈሉ ቢልም ከተማዋ የጡረተኞቿን ቼክ መላክ አቆመች። ፍርድ ባዶ ካዝናን ሊሞላ አይችልም።

የስሌት ጠብ

የዲትሮይት ክርክር ከሕግ ቃል በላይ የቍጥር ክርክርም ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የሁለቱ ቋቶች ጉድለት 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል ሲሉ፣ ቋቶቹ በበኩላቸው ከ1 ቢሊዮን በታች መሆኑን ገለጹ። ሁለቱም ወገኖች ተመሳሳይ ጡረተኞችንና ተመሳሳይ ሀብት ይዘው እንዴት ይህን ያህል ይራራቃሉ? ምክንያቱ በዋናው ከአንዲት ግምት የመጣ ነው፤ የተጠራቀመው ገንዘብ ወደፊት በየዓመቱ ስንት በመቶ ያተርፋል የምትለው ግምት።

የቋቶቹ ስሌት 8 በመቶ ገደማ ያተርፋል ከሚል የተነሣ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ለሚከፈል 100 ብር ዛሬ ምን ያህል ማስቀመጥ እንደሚገባ ማስላት ልዩነቱን ያሳያል። ትርፉ 8 በመቶ ከሆነ 21.45 ብር ይበቃል፤ 7 በመቶ ከሆነ 25.84 ብር ያስፈልጋል፤ በመጨረሻው ስምምነት በተወሰደው በ6.75 በመቶ ደግሞ 27.08 ብር ይሆናል። ከ8 ወደ 6.75 መውረድ በወረቀት ላይ ጥቂት ቢመስልም ዛሬ የሚፈለገውን ገንዘብ በ26 በመቶ ያሳድገዋል። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ የሚያልፈውን ጭነት አሳንሶ ቢገምት ብረቱን ይቆጥባል፤ ድልድዩም በምረቃው ዕለት አይወድቅም። የጡረታ ቋትም እንደዚሁ ነው። የተጋነነው ግምት ለዛሬው አስተዳደር ቁጠባ ሆኖ ይታያል፤ ሸክሙ የሚያርፈው ግን ግምቱን ባልፈረመ ሰው ላይ ነው።

ስምምነቱና ያስከፈለው ዋጋ

መውጫው የተገኘው ከሙዚየም ነበር። የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ስብስብ የከተማዋ ንብረት በመሆኑ፣ ሥዕሎቹ ተሸጠው ዕዳ ይከፈልባቸው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በዋና ዳኛ ጄራልድ ሮዘን አሸማጋይነት ሌላ መንገድ ተቀየሰ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች 366 ሚሊዮን፣ የሚቺጋን ክልል ወደ 195 ሚሊዮን፣ ሙዚየሙ ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ተስማሙ። በልዋጩ ገንዘቡ ለጡረተኞቹ ብቻ እንዲውልና ስብስቡ ከአበዳሪ እጅ ወጥቶ ለአንድ ነጻ ተቋም እንዲተላለፍ ሆነ።

ጡረተኞቹም ድምፅ ሰጡ። ከጠቅላላ ሠራተኞች ጡረተኞች 73 በመቶ፣ ከፖሊሶችና ከእሳት አደጋ ጡረተኞች 82 በመቶ ዕቅዱን ተቀበሉ። የተቀበሉት ግን ከሚብሰው ለመዳን እንጂ ወደውት አልነበረም። የጠቅላላ ሠራተኞች አበል በ4.5 በመቶ ተቀነሰ፤ ለኑሮ ውድነት በየዓመቱ የሚታከልላቸውም ቀረ። የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መነሻ አበል ባይነካም ዓመታዊው ጭማሪ ከግማሽ በላይ ተቆረጠ። የሕክምና ድጎማ በእጅጉ ቀነሰ፤ ከአንዳንዶቹም በቁጠባ ሒሳብ ላይ ቀደም ሲል ታስቦላቸው የነበረ ትርፍ ወለድ ተመላሽ እንዲሆን ተወሰነ። ዕቅዱ ኅዳር 7 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በዳኛው ጸደቀ። ያልተስማሙ ጡረተኞች ይግባኝ ቢሉም፣ በ2016 የስድስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዕቅዱ በሥራ ላይ ስለ ዋለ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም በማለት አሰናበታቸው።

የጠቅላላ ሠራተኞች ጡረታ በአማካይ በዓመት 19 ሺህ ዶላር ገደማ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ ቅነሳው ለአንዳንዱ ቤተሰብ ከመድኃኒትና ከማሞቂያ አንዱን የመምረጥ ያህል ነበር። የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ በከተማዋ ሥራቸው በፌዴራሉ ማኅበራዊ ዋስትና ያልታቀፉ በመሆናቸው ከከተማዋ ሌላ ጧሪ አልነበራቸውም።

ችሎት የሌለው ቅነሳ

ከሁለቱ ከተሞች ታሪክ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ጡረተኛ ከዲትሮይቱ ይልቅ ተጠብቋል ብሎ መደምደም ይቀናል። በአንድ በኩል እውነት ነው። የኢትዮጵያው ጡረታ በአንድ ከተማ ገቢ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከተማ ቢዳከም፣ ክልል ቢከፈል፣ መሥሪያ ቤት ቢታጠፍ ዕዳው ይሰነብታል። በሌላ በኩል ግን ሥርዐቱ የራሱ ስሱ ቦታዎች አሉት።

አንደኛው መዝገብ ነው። ቋቱ በማዕከል ይሁን እንጂ የአገልግሎት ማስረጃው የሚገኘው ሠራተኛው በሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ ለዕድሜ መሠረት የሚያደርገው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ነው። አስተዳደሮች ሲከፈሉና ሲዋሐዱ ማኅደር ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ይጓዛል። ከመንገዱ የጠፋች አንዲት የቅጥር ደብዳቤ የዓመታት አገልግሎት ልታሳጣ ትችላለች። ሁለተኛው ገቢ ማድረግ ነው። ከደመወዝ የተቀነሰውን ከአሠሪው ድርሻ ጋር በወቅቱ ወደ ቋቱ የማስገባት ግዴታ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ዲትሮይት መውደቅ የጀመረችው መዋጮ ባዘገየችበት ዓመት እንጂ ዳኛ ፊት በቀረበችበት ቀን አይደለም። ሦስተኛው የገንዘቡ አቀማመጥ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የዋለው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነዶች ላይ ነው። ገንዘቡ ከመጥፋት ይጠበቃል፤ የሚያገኘው ወለድ ከዋጋ ንረት በታች ሲሆን ግን ሳይነካ ይመነምናል።

ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው፣ ማለትም የአበሉ የመግዛት አቅም ነው። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ እንኳ አንድ አበል በአራት ዓመት ውስጥ የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያጣል። ከላይ የተጠቀሰው ቀያሽ በ65 በመቶ ጡረታ ቢወጣ፣ አበሉ ካልተሻሻለለት በአራተኛው ዓመት የቀድሞ ደመወዙን ሲሶ እንኳ በቅጡ አይገዛም። አበሉ ዋጋ በጨመረ ቍጥር በራሱ ከፍ የሚልበት መለኪያ ስላልተበጀለት፣ ማሻሻያው የመንግሥትን ውሳኔ ይጠብቃል። በዚህ ረገድ ጡረታ በ1953 ዓ.ም. ከተላቀቀው የችሮታ ጠባይ ገና ፈጽሞ አልተላቀቀም።

የዲትሮይቱ ጡረተኛ 4.5 በመቶ ሲቀነስበት ጠበቃ ቆሞለታል፣ ዳኛ ሰምቶታል፣ ድምፅም ሰጥቷል። በዋጋ ንረት ግማሹ የሚቀነስበት ጡረተኛ ግን ከሳሽ የሚሆንበት ችሎት የለውም፤ አበሉ በቍጥር ሙሉ ሆኖ ይከፈለዋልና። ስለዚህ የጡረታ ሕግ ጥንካሬ የሚለካው ዕዳው ከአሠሪው በመሰንበቱ ብቻ መሆን የለበትም። ከአሠሪው የሰነበተው ዕዳ ሲከፈል የገባለትን ቃል ያህል እንጀራ መግዛት አለበት።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መሣሪያ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የቋቱ ሀብትና ዕዳ በየጊዜው በገለልተኛ ባለሙያ ተሰልቶ፣ ከነግምቶቹ ለሠራተኛው ይገለጥ። የመዋጮ ገቢ በየመሥሪያ ቤቱ ይታወቅ። ማኅደር በአንድ ቅጂ ብቻ አይቀመጥ። የአበሉም ማሻሻያ በታወቀ መለኪያና በታወቀ ጊዜ ይፈጸም። እነዚህ ነገሮች ገንዘብ በራሳቸው አይፈጥሩም፤ ጉድለቱ ድልድዩ ከመሰንጠቁ በፊት እንዲታይ ግን ያደርጋሉ። የሙያ ማኅበራትም አባሎቻቸው ገና በሥራ ላይ ሳሉ ይህን ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ዲትሮይት ላይ እንደ ታየው፣ ምን ያህል ይቀነስ ከሚለው አያልፍምና።